ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያሻግረው መንገድ በይፋ ይታወቅ

ትምህርት ከኅብረተሰብ ኑሮ ተነጥሎ የሚቆም ነገር አይደለም። አንድ ሕዝብ ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የሚልከው ከዕለት ጉርሱ ቀንሶ፣ ከጉልበታቸው ሊያገኝ የሚችለውን ርዳታ ትቶ፣ ዛሬን ለነገ አበድሮ ነው። ስለሆነም የአንድ የትምህርት ተቋም ዋጋ በበሩ ባስገባቸው ተማሪዎች ቁጥር ወይም በምረቃ ዕለት በሚታየው የጋዋን ብዛት ብቻ ሊለካ አይችልም። ወደ ተከታዩ እርከን የተሻገረው ምን ያህል ነው? ያልተሻገረውስ የቀረው በምን ምክንያት ነው? የሚሉት ጥያቄዎች በግልጽ ተነሥተው ተገቢውን መልስ ማግኘት ይኖርባቸዋል።

በአገራችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ መካከል የቆሙት የመምህራን ትምህርት፣ የጤና ሳይንስ እንዲሁም የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች፣ በሌሎች አገሮች የማኅበረሰብ ኮሌጅ እየተባሉ የሚጠሩት ተቋማት የሚሠሩትን ሥራ ይሠራሉ። ለተማሪው ቤት ቀረብ ብለው፣ በአነስተኛ ወጪና በአጭር ጊዜ ሙያ ያስጨብጣሉ። ለሚችልና ለሚፈልግም ወደ ዲግሪ የሚያሻግር በር ይከፍታሉ ተብሎ ይታመናል። በሩ በመመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ወደ በሩ የሚወስደው መንገድ ግን ለአብዛኛው ተማሪ አልተነገረውም። ተማሪው መንገዱን የሚያውቀው በአጋጣሚ ነው፤ ያጋጠመው ያልፋል፣ ያላጋጠመው ይቀራል። የትምህርት ምክርና የዝውውር መመሪያ የአንድ ደግ መምህር ውለታ ሳይሆን የተቋም ግዴታ፣ በመጨረሻው ዓመት የሚሰጥ ሳይሆን በመግቢያው ቀን የሚጀመር፣ በቃል የሚነገር ሳይሆን በጽሑፍ የሚሰጥ መሆን አለበት የምንለው ከዚህ በመነሣት ነው።

ጉዳዩ በጀዊ ሲታይ

ጉዳዩን በተጨባጭ ሁኔታ ላይ ተመሥርቶ ለመመርመር ከጀዊ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ጀዊ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኝ ሥፍራ ነው። በታኅሣሥ ወር 2006 ዓ.ም. በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሲቀሰቀስ፣ ድንበር ተሻግረው የመጡትና ቀደም ሲል በቆላማው ምድር ተጠልለው የነበሩት ስደተኞች በዝናቡ ወራት ጎርፍ ስላጥለቀለቃቸው፣ በ2007 ዓ.ም. ወደዚህ ሥፍራ እንዲዛወሩ ተደረገ። ዛሬ በጣቢያው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹ የኑዌር ተወላጆች የሆኑ ሰዎች ይኖራሉ። በ2008 ዓ.ም. በጀዊ አንደኛ ክፍል የገባ ሕፃን ክፍል ሳይደግም ቢማር፣ የ12ኛ ክፍል መፈተኛው ዘመን በ2019 ዓ.ም. ይደርሳል። በሌላ አነጋገር፣ ለጊዜው ተብሎ የተተከለው ሠፈር የራሱን አንድ ሙሉ የተማሪ ትውልድ አሳድጓል።

ይህ ትውልድ የሚያድገው ብቻውን አይደለም። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ነዋሪዎች ቁጥር 307,096 ነበር። በክልሉ የተጠለሉት ስደተኞች ቁጥር ደግሞ በእነዚህ ዓመታት ከ300 ሺህ በላይ ደርሷል። እንግዲህ የጀዊ ስደተኛ ልጅና የኢታንግ፣ የላሬ፣ የአቦቦ ወይም የጎግ ገበሬ ልጅ ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ከዚህ ወዴት? ሁለቱም ወደ ጋምቤላ ከተማ ይመለከታሉ። በከተማው የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ አለ፤ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ አለ፤ ከተቋቋመ አሥር ዓመት ያህል የሆነው የጋምቤላ ዩኒቨርሲቲም አለ። በካርታ ላይ ሲታዩ እነዚህ ተቋማት ጎረቤታሞች ናቸው። በተማሪው ኑሮ ውስጥ ግን በመካከላቸው ያለው ርቀት ከጀዊ ጋምቤላ ካለው 18 ኪሎ ሜትር ይልቅ ይረዝማል።

ሕጉስ ምን ይላል? በጥር ወር 2011 ዓ.ም. የጸደቀው የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ስደተኛውን ከዜጋው ጋር እኩል ያደርገዋል። ከዚያ በላይ ላለው ለሁለተኛ ደረጃ፣ ለቴክኒክና ሙያ እንዲሁም ለከፍተኛ ትምህርት፣ ያለው ሀብት በፈቀደ መጠንና የአገሪቱን የትምህርት ፖሊሲ በተከተለ አኳኋን ዕድል እንዲያገኝ ይፈቅዳል። የስደተኞችን ሁኔታ የሚመለከተው በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ1951 ስምምነትም በ22ኛው አንቀጽ በሌላ አገር የተገኙ የትምህርት ማስረጃዎችን ዕውቅና ጉዳይ ያነሣል። «ሀብት በፈቀደ መጠን» የሚለው አነጋገር ግን ለሚያውቅ ሰው የተከፈተ በር፣ ለማያውቅ ሰው የተዘጋ በር ነው። ምን ያህል ቦታ እንዳለ፣ በየትኛው ወር እንደሚመዘገብ፣ ምን ማስረጃ እንደሚጠየቅ ያወቀ ይገባበታል። ያላወቀ ደግሞ ማስታወቂያው ከተነሣ ወዲያ ይሰማል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ማለት ይኸው ነው።

በዚህ ላይ የቋንቋው ጉዳይ ይጨመራል። የክልሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ አማርኛ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የተማሪው የቤት ቋንቋ ኑዌርኛ ወይም አኙዋክኛ ነው። በቢሮ በር ላይ የተለጠፈው ማስታወቂያ ለተማሪው ሦስተኛ ቋንቋ፣ ለእናቱ ደግሞ ፈጽሞ ባዕድ ሆኖ ይገኛል። ልጇ ለምን እንደቀረ ያልተነገራት እናት የምትደርስበት መደምደሚያ አንድ ብቻ ነው፤ ትምህርት ለእኛ አልተሠራም ትላለች። የታናናሾቹም ነገር በዚሁ ይወሰናል።

ስሙ እየተለዋወጠ የመጣ ወረቀት

ችግሩ የጀዊ ብቻ አይደለም። በአዲስ አበባ የፋብሪካ ሠራተኛ፣ በባሕር ዳር የሆቴል አስተናጋጅ፣ በደሴ የጤና ረዳት ይህንኑ ያውቀዋል። ሥሩን ለማግኘት ያለፉትን 30 ዓመታት መለስ ብሎ መመልከት ያስፈልጋል።

የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪውን 10ኛ ክፍል ላይ በሁለት መንገድ ከፈለው። አንዱ ወደ መሰናዶ፣ ሌላው ወደ ሙያ አመራ። ከዚያ 10+1፣ 10+2፣ 10+3 የሚባሉ ማስረጃዎች መጡ። ቀጥሎም የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 5 ተሸነሸነ፤ ከኮሌጁ ማስረጃ ሌላ የብቃት ማረጋገጫ ምዘና ማለፍ ግድ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የተሰጠው የ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና የመጨረሻው ሆኖ ሲቀር፣ መለያያው ወደ 12ኛ ክፍል ተሻገረ። የክፍሎቹም አደረጃጀት ስድስት፣ ሁለትና አራት እየተባለ ተለወጠ። እያንዳንዱ ለውጥ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል፤ እዚህ የምንመረምረው እሱን አይደለም። ነገር ግን ለውጥ በተደረገ ቁጥር በመሻገር ላይ የነበሩ ተማሪዎች በአሮጌውና በአዲሱ ሥርዓት መካከል ቀርተዋል። በአንድ ጣሪያ ሥር ታላቅ ወንድም 10+3፣ እኅት ደረጃ 4፣ ታናሽ ደግሞ 12ኛ ክፍል ያጠናቀቀበትን ወረቀት ይዘው ሲቀመጡ፣ የሦስቱ ወረቀቶች ወደ ዲግሪ የሚወስዱበት መንገድ የተለያየ ነው። ለታናሹ የሚሆነውን ምክር ታላቁ ሊሰጠው አይችልም፤ የታላቁ ልምድ ጊዜው አልፎበታልና።

የ12ኛ ክፍል ፈተና ጉዳይም ነገሩን የበለጠ አጣዳፊ አድርጎታል። ፈተናው ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተጉዘው እንዲወስዱት ከተደረገበት ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3 ከመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 ከመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ናቸው። ውጤቱ በኋለኞቹ ሁለት ዓመታት ቢሻሻልም፣ ከ100 ተፈታኝ ከ90 የሚበልጠው ከቀጥታው መንገድ ውጭ ቀርቷል ማለት ነው። ከእነዚህ ከፊሎቹ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ይገባሉ። የቀሩት በሙሉ የኮሌጆቹ ባለጉዳዮች ናቸው። ቀድሞ የጥቂቶች መተላለፊያ የነበረው የጎን መንገድ ዛሬ ዋናው አውራ ጎዳና ሆኗል። አውራ ጎዳና ደግሞ ምልክት ያስፈልገዋል።

ምልክት የሌለበት መንገድ ምን እንደሚያደርስ እንመልከት። የደረጃ 4 ሥልጠና የጨረሰ ሠራተኛ ወደ ዲግሪ ለመግባት የብቃት ማረጋገጫ ምዘና ማለፉና የሥራ ልምድ ማቅረቡ በመስፈርትነት ሲጠየቅ እንደቆየ የታወቀ ነው። ይህን በመግቢያው ዕለት የነገረው ሰው ያጣ ሠራተኛ፣ ከደመወዙ እየከፈለ፣ ማታ ማታ እየተማረ ዓመታት ይገፋል። በመጨረሻ ማስረጃውን ለማረጋገጥ ሲሄድ ግን ስትገባ መስፈርቱን አላሟላህም ይባላል። የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ ትጋትም አይደለም። የጎደለው በመጀመሪያው ቀን ሊነገረው ይገባ የነበረ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። የዚያ ዓረፍተ ነገር ዋጋ የአንድ ሰው የወጣትነት ዕድሜ ሲሆን እናያለን።

ሌላው ጣጣ የሰነድ ጣጣ ነው። ተቀባዩ ተቋም የተማሪውን የውጤት ዝርዝር ከላኪው ኮሌጅ በቀጥታ እንዲላክለት ይፈልጋል፤ ተማሪው በእጁ የያዘው ቅጂ አይበቃውም። የወጪ መጋራት ዕዳና የአገልግሎት ግዴታ ያለበት ሰው ከዚያ ነጻ የሚሆንበትን ደብዳቤ ይጠየቃል። በጀዊ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚብስ አንድ ነገር አለ፤ ስም ነው። ጋትሉዋክ የሚለው የተለመደ የኑዌር ስም በአንዱ መዝገብ ጋትሏክ፣ በሌላው ጋትልዋክ ተብሎ ይጻፋል። ወደ ላቲን ፊደል ሲገለበጥም ቅርጹ ይበዛል። በራሽን ካርድ ላይ፣ በትምህርት ቤት መዝገብ ላይ፣ በፈተና መመዝገቢያ ላይ የአንድ ልጅ ስም በሦስት ዓይነት ሲገኝ፣ ሦስት ሰው ሆኖ ይቆጠራል። ይህን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ አስተውሎ የሚያርም አንድ አማካሪ ቢኖር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። በ12ኛ ክፍል ማግሥት ሲገኝ ግን የዓመት ጣጣ ይሆናል። ለስደተኞችም መሰጠት የጀመረው የፋይዳ ቁጥር ለዚህ ጥሩ አጋዥ ሊሆን ይችላል፤ ይሁንና መጀመሪያ ትክክለኛው ስም ሲመዘገብ ነው።

ከጦርነቱ በፊት ማላካል ወይም ጁባ የተወሰነ ክፍል የተማረው ወጣት ችግሩ ድርብ ነው። በደቡብ ሱዳን አንደኛ ደረጃው 8 ዓመት፣ ሁለተኛ ደረጃው 4 ዓመት ነው። ያ ማስረጃ በእኛ ሥርዓት የትኛው እርከን ላይ እንደሚውል የሚወሰነው በአቻ ግምት ነው። አዲስ አበባ ያለን መሥሪያ ቤት ደጃፍ ከጀዊ ሆኖ ማንኳኳት የሚቻለው፣ የቱን ደጃፍ እንደሚያንኳኩ የነገረ ሰው ሲኖር ነው።

መረጃው በማን እጅ ነው?

እዚህ ላይ ወደ ነገሩ እምብርት እንደርሳለን። የተማረ አጎት ያለው፣ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ዘመድ ያለው፣ የሬጅስትራር ሠራተኛ ጎረቤት ያለው ልጅ አማካሪ አያስፈልገውም፤ አማካሪው እራት ላይ አብሮት ይቀመጣል። የትኛው የትምህርት ዘርፍ እንደሚያሻግር፣ የትኛው እንደማያሻግር፣ ምዘናው መቼ እንደሆነ ሳይጠይቅ ይነገረዋል። የዘበኛው፣ የጫኝና አውራጁ፣ የጀበና ቡና ሻጯ፣ የስደተኛው ልጅ ግን ያለው የማስታወቂያ ሰሌዳ ብቻ ነው። ስለዚህ መረጃ በይፋ ሳይሰጥ ሲቀር ሁሉም እኩል አይጎዳም። ጉዳቱ ወደ ታች፣ ከሁሉም በታች ወዳለው ይወርዳል። በፈተና እኩል የተቀመጡ ልጆች በመረጃ እኩል ካልተቀመጡ፣ እኩልነቱ የወረቀት እኩልነት ነው።

መንገዱ በይፋ ሲታወቅ ሰዎች እንደሚሄዱበት የሚያሳይ ማስረጃ ከራሳችን ዘንድ አለ። ዲፕሎማ የያዙ መምህራን በክረምት መርሃ ግብር ወደ ዲግሪ ሲያድጉ ኖረዋል። ይህ ሊሆን የቻለው መምህራኑ ከሌላው ሠራተኛ ይልቅ ጎበዞች ስለሆኑ አይደለም። የትምህርት ቢሮዎች ኮታውን ያስታውቃሉ፤ መመዘኛው በየትምህርት ቤቱ ይለጠፋል፤ ተራው የማን እንደሆነ በመምህራን ክፍል ውስጥ ያልሰማ የለም። አንድ አዲስ የተመደበ መምህር በመጀመሪያው ወር ከባልደረቦቹ ይሰማዋል። ለመምህሩ የተቻለው ነገር ለኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ለነርሷ፣ ለቀያሹ የማይቻልበት ምን ምክንያት አለ?

ከሌላው ዓለም የሚገኝ ትምህርት

በዚህ ጉዳይ ሀብት ብቻውን መፍትሔ አለመሆኑን ለመረዳት አሜሪካን መመልከት ይበቃል። በኢሊኖይ ግዛት የጆሊየት ኮሌጅ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ከተመሠረተ ወዲህ የማኅበረሰብ ኮሌጆች በመላው አገር ተስፋፍተዋል። ወደ እነዚህ ኮሌጆች ከሚገቡት ከ100 ተማሪዎች 80 ያህሉ ባችለር ዲግሪ የማግኘት ዓላማ አላቸው። ወደ አራት ዓመት ተቋም የሚሻገሩት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ናቸው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ዲግሪውን የሚጨብጡት ደግሞ ከ100 ወደ 16 ይጠጋሉ። የአገሪቱ የምክር ቤት ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት፣ ከተቋም ወደ ተቋም የሚዛወሩ ተማሪዎች ካገኙት ክሬዲት በአማካይ 43 ከመቶውን እንደሚያጡ ገምቷል። ተምረውታል፣ ከፍለውበታል፣ ተፈትነውበታል፤ ተቀባዩ ተቋም ግን አልቆጠረላቸውም።

መንስኤው ከእኛው ጋር አንድ ነው። ላኪውና ተቀባዩ አይነጋገሩም፤ እያንዳንዱ የትምህርት ዓይነቶችን በራሱ ሚዛን ይመዝናል፤ አማካሪው በብዙ ተማሪ ተጥለቅልቋል። ፍሎሪዳን የመሰሉ ግዛቶች ግን ከ1971 ጀምሮ ኮሌጆቹንና ዩኒቨርሲቲዎቹን በስምምነት አስተሳስረው፣ የትምህርት ዓይነቶችንም በአንድ የጋራ ቁጥር ጠርተው፣ ሁለት ዓመት የጨረሰ ተማሪ የሚቆጠርለትን አስቀድሞ እንዲያውቅ አድርገዋል። ከዚህ የምንማረው አሜሪካን መቅዳትን አይደለም። የምንማረው መሻገሪያው የሚበጀው ተማሪው ሲደርስ ሳይሆን ከመነሣቱ በፊት መሆኑን ነው።

በስደተኞች ረገድም የዓለም አቀፉ የስደተኞች ተቋም እስከ 2030 ድረስ ከስደተኛ ወጣቶች 15 ከመቶው ከፍተኛ ትምህርት እንዲያገኙ ግብ ጥሏል። በጀርመን መንግሥት ገንዘብ ከ1992 ጀምሮ የሚሰጠው ዳፊ የተባለው የነጻ ትምህርት ዕድልም ብዙዎችን አስተምሯል። እነዚህ የሚመሰገኑ ናቸው። ይሁን እንጂ በ2017 ዓ.ም. የታየው የዓለም አቀፍ ርዳታ ማሽቆልቆል አንድ ነገር አስተምሮናል፤ በፕሮጀክት ገንዘብ የተቀጠረ አማካሪ ፕሮጀክቱ ሲዘጋ ወንበሩን ይዞ ይሄዳል። ምክር የኮሌጁ መደበኛ ሥራ ካልሆነ ሥር አይሰድም።

ለሚነሡ ተቃውሞዎች

አንዳንድ ወገኖች «ወንበር በሌለበት ምክር ምን ይሠራል?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ምክር ወንበር አይፈጥርም። ነገር ግን ሁለት ነገር ያደርጋል። በመጀመሪያ፣ ያለው ወንበር ባለማወቅ ባዶ እንዳይቀር ወይም ለዘመድ ብቻ እንዳይደርስ ይጠብቃል። ሁለተኛም፣ እውነቱን ይናገራል። የትኛው የሥልጠና ዘርፍ ወደ ዲግሪ እንደማይወስድ፣ በየትኛው ዘርፍ ግን ያለ ዲግሪም ተከብሮ መኖር እንደሚቻል ለአንድ ወጣት በግልጽ መንገር ከማንኛውም የተስፋ ቃል ይበልጣል። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ይግባ የሚል ክርክር እዚህ አልቀረበም። ጥሩ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ጥሩ በያጅ፣ ጥሩ ነርስ ለአገር ምሰሶ ነው። የሚጠየቀው ሰው ወደ ሙያ ሲገባ መርጦ እንጂ መንገድ ጠፍቶት እንዳይገባ ነው።

ሌሎች ደግሞ ለስደተኛው የሚሰጠው ከአገሬው ልጅ አፍ የተነጠቀ ነው ይላሉ። በጋምቤላ ይህ አነጋገር ተራ ወሬ አይደለም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ሊያጋጭ የሚችል ነገር ነው። ወንበር ሲከፋፈል ውድድር መኖሩን አንክድም። የምክር ጠባይ ግን ከወንበር ይለያል፤ መረጃ ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው አይጎድልም። በጀዊ የሚለጠፍ ግልጽ ሰሌዳ ለጣቢያው ልጅም፣ በአካባቢው ላለው የገበሬ ልጅም እኩል ይነበባል። እንዲያውም መጠራጠር የሚፋፋው መመዘኛው በተደበቀበት ሥፍራ ነው። ስንት ቦታ እንዳለና ለማን እንደተሰጠ በአደባባይ ሲታወቅ፣ ሐሜት ምግቡን ያጣል።

«ተማሪው ራሱ ጠይቆ አይረዳም ወይ?» የሚሉም አሉ። ለመጠየቅ ግን ጥያቄ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። የብቃት ማረጋገጫ ምዘና የሚባል ነገር መኖሩን ያልሰማ ሰው መቼ ነው ብሎ አይጠይቅም።

ምን ይደረግ?

ከዚህ ቀጥሎ የሚሠራው ለአንድ ወገን ብቻ የሚተው አይደለም።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ኮሌጅ ለእያንዳንዱ የሥልጠና ዘርፍ በአንድ ገጽ የሚያልቅ የመንገድ ካርታ ያዘጋጅ። ከዚህ ዘርፍ የሚወጣ ሰው የት ሊቀጠር እንደሚችል፣ የት ሊማር እንደሚችል፣ ምን ምዘና፣ ስንት ዓመት የሥራ ልምድ፣ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልገው ይጻፍበት። በአማርኛ፣ በእንግሊዝኛ፣ እንደ አካባቢው በኑዌርኛና በአኙዋክኛ ይሁን። መመሪያ ሲለወጥ ካርታውም ይለወጥ፤ የወጣበት ቀንም ይመልከትበት።

ሁለተኛ፣ ስሙ የታወቀ፣ የሥራ ሰዓቱ የተለጠፈ አማካሪ ይመደብ። ተማሪው ሳይጠራ የሚመጣበት ሳይሆን፣ ተጠርቶ የሚመጣበት ሦስት ቀጠሮ ይኑር፤ ሲገባ፣ ሲያጋምስና ከመመረቁ ስድስት ወር በፊት። የተባለውም በተማሪው መዝገብ ላይ ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ምክር ተጠያቂ የለውም።

ሦስተኛ፣ ላኪ ኮሌጆችና ተቀባይ ዩኒቨርሲቲዎች ተገናኝተው የሚቆጠረውንና የማይቆጠረውን የትምህርት ዓይነት በጽሑፍ ይስማሙ። በጋምቤላ ከተማ ይህን ለማድረግ ረጅም ጉዞ አያስፈልግም፤ ተቋማቱ በአንድ ከተማ ናቸው። የአንድ ሳምንት ስብሰባ የብዙ ሺህ ተማሪዎችን ዓመታት ሊያተርፍ ይችላል።

አራተኛ፣ የሰፈር ማኅበራት፣ ዕድሮች፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቶች፣ በጣቢያውም የስደተኞች ኮሚቴዎች ይህን የራሳቸው ጉዳይ ያድርጉት። በየሰፈሩ ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተሻገረ አንድ ሰው አይጠፋም። ያ ሰው በወር አንድ ቅዳሜ ለሁለት ሰዓት ተቀምጦ ለታናናሾቹ ያለፈበትን ቢያስረዳ፣ አንድ ደብተር የምዝገባ ቀኖችን ቢይዝ፣ የማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ግድግዳ ሰሌዳ ቢሆን ወጪው ኢምንት ነው። ማኅበሩ በመስከረም የልጆቹን የስም አጻጻፍ ከመዝገብ መዝገብ አስተያይቶ ስሕተት ካገኘ በጥቅምት ያሳርም። የሟችን ቀብር በሥርዓት የሚያስፈጽም ዕድር የልጅን ጉዞ በሥርዓት ማስጀመር አያቅተውም።

አምስተኛ፣ የሠራተኛ ማኅበራት በየመሥሪያ ቤቱ የማታና የክረምት ትምህርት የሚከታተሉ አባሎቻቸውን ይመዝግቡ። አባሉ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የሚገባበት ተቋምና ዘርፍ ዕውቅና ያለው መሆኑን፣ የመግቢያ መስፈርቱንም ማሟላቱን ማኅበሩ ያጣራለት። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የመውጫ ፈተና እንዲወስዱ መደረጉም በዚህ ረገድ አስቀድሞ ሊነገር የሚገባው ነው። አሠሪውም ለትምህርት የሚሄድ ሠራተኛ የፈረቃ ለውጥ እንዲያገኝ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይኑር።

በመጨረሻም ተማሪው ራሱ ድርሻ አለው። ሰነዱን በአግባቡ ይያዝ፤ ቅጂ ያስቀምጥ፤ የተነገረውን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ያወቀውንም ለሚቀጥለው ያስተላልፍ። የሰማውን የምዝገባ ቀን ተፎካካሪ እንዳይበዛበት ብሎ የሚደብቅ ተማሪ፣ ነገ ለራሱ ታናሽ ወንድም የሚዘጋውን በር ዛሬ እየቆለፈ ነው።

በጀዊ ትምህርት ቤቶች የተሠሩት የትናንትን ስደት ለማስረሳት ብቻ ሳይሆን ነገን ለማብቃት ነው። ልጁ አንድ ቀን ወደ ናሲርና ወደ አኮቦ ቢመለስ መምህርና ሐኪም ሆኖ ይመለሳል፤ እዚሁ ቢኖር ለጋምቤላ ይሠራል። በሁለቱም መንገድ ትርፉ የሕዝቦች ነው። ያ ትርፍ ግን የሚገኘው 12 ዓመት ተምሮ በመጨረሻው ድንበር ላይ በአንድ ያልተነገረ ዓረፍተ ነገር ምክንያት ካልቀረ ነው። እንግዲያውስ ዓረፍተ ነገሩ ይነገር፤ በጽሑፍ ይለጠፍ፤ በሚገባን ቋንቋ ይነበብ። የሚቀጥለው የምዝገባ ወር ሳይደርስ እያንዳንዱ ማኅበር በአቅራቢያው ወዳለው ኮሌጅ ሁለት ተወካዮች ልኮ አንድ ጥያቄ ያቅርብ፤ «ልጆቻችን ከእናንተ ዘንድ ወጥተው ወዴት መሄድ ይችላሉ? መልሱን በጽሑፍ ስጡን።» ሥራው የሚጀምረው ከዚህ ጥያቄ ነው።